ካሳ ከተቀበልኩ ዲስኤቢሊቲዬ ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሴቶች ጠይቀውኛል። ዲስኤቢሊቲ የምንለው ታሞ ወይም ተጎድቶ መሥራት ላቃተው ሰው መንግሥት በየወሩ የሚከፍለውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ቡና ላይ፣ አንዳንዴም ማታ በስልክ። «ሱፐርቫይዘሬ እንዲህ አደረገኝ፣ ከሰስኩት፣ አሁን ሊከፍሉኝ ነው። ግን ከተቀበልሽ የመንግሥቱ ቼክ ይቆረጣል አሉኝ።» ይሉኛል። ከፍርሃት የተነሳ ክሱን ልተወው ያለችም አለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። የደረሰባት ሳያንስ የሚገባትን ገንዘብ በወሬ ልታጣው ነው። ስለዚህ ያለፍኩበትን በዝርዝር ልጻፈው።

በ2015 በዲቪ መጣሁ (ቀኑንም ዓመቱንም የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ነበርኩ። መጀመሪያ ሲጠሩኝ ብቻ፣ በኋላ በቋሚነት። በ2022 ክረምት አዲስ ሱፐርቫይዘር መጣ። ምን እንዳደረገ ሁሉንም አልዘረዝርም። አልጋ ሳነጥፍ ገብቶ በር ይዘጋል ብል የገባው ይገባዋል። ለሰው ኃይል ቢሮው አመለከትኩ። ፎቅ ቀይሩልኝ፣ ፈረቃ ቀይሩልኝ አልኩ። የቀየሩት ሰዓቴን ነው፤ ቀነሱት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ መሥራት አቃተኝ። እንቅልፍ የለም፣ ሊፍት ውስጥ መግባት የለም፣ በር ሲንኳኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ከደረሰብኝ የመጣ የጭንቀት ሕመምና ድባቴ ነው አለ። ያኔ 41 ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን የጠቀስኩት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ክሱ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ቀረበ። እዚህ ሜሪላንድ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ300 ቀን ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ክልሉ የራሱ ተመሳሳይ ቢሮ ከሌለው 180 ቀን ብቻ ነው። ስቀጠር በወረቀት ክምር መሃል «ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት አልሄድም፣ በግልግል እጨርሳለሁ» የሚል አስፈርመውኝ ነበር። ግን በመጋቢት 2022 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። በወሲባዊ ትንኮሳ ጉዳይ እንዲህ ያለው ቀድሞ የተፈረመ ግዴታ ከሳሿን አያስገድዳትም። ፍርድ ቤት ልሂድ ካለች ትሄዳለች። ጠበቃዬ ይህን ሲነግረኝ ነው ትንሽ የተነፈስኩት። ብዙዎቻችን «ፈርሜያለሁ እኮ» ብለን ተቀምጠናል።

አሁን ወደ ዋናው። «ዲስኤቢሊቲ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ሁለት የተለያየ ክፍያ ነው። ካሳ የሚነካውና የማይነካው እዚያ ላይ ይለያል።

አንደኛው ኤስኤስዲአይ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ለሚባለው የመንግሥት ጡረታና ዋስትና መሥሪያ ቤት ከደመወዛችን የተቆረጠው ግብር ውጤት ነው፤ ሠርተን የከፈልንበት ኢንሹራንስ ማለት ነው። ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለን አይጠይቅም። ሚሊዮን ዶላር ቢኖርሽ አይቆረጥም። የትንኮሳ ካሳም አይነካውም። ይህን ያገኘች ሴት ሁሉ በደንብ ትስማኝ፦ የምታገኚው ኤስኤስዲአይ ብቻ ከሆነ፣ ለደረሰብሽ በደል በተከፈለሽ ካሳ ምክንያት ቼክሽ አይቀነስም።

ሁለተኛው ኤስኤስአይ ነው። ይኼኛው ለድሃ የሚሰጥ ነው። በ2026 የፌዴራሉ ከፍተኛ መጠን ለአንድ ሰው በወር 994 ዶላር ነው። ግን በስምሽ ያለው ገንዘብ ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ለባልና ሚስት 3,000። ይህ ወሰን ከ1989 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም። ሰላሳ ምናምን ዓመት የኑሮ ውድነት ሲጋልብ እሱ እዚያው ቆሟል። በእኔ ዓይን ድሃን በድህነቱ ላይ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው፤ ይህን ለማለት አላፍርም።

እንግዲህ የእኛ ሰው ችግር እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱንም ነው የምናገኘው። ለምን? ኤስኤስዲአይ የሚሰላው በረጅም የሥራ ዘመን አማካይ ነው። እኔ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ መጣሁ። አዲስ አበባ ሱቅ የሠራሁባቸው ዓመታት በዚያ ሂሳብ ውስጥ ዜሮ ሆነው ነው የሚገቡት። ስለዚህ ኤስኤስዲአይ ትንሽ ይሆናል፤ ኤስኤስአይ ይሞላበታል። ለምሳሌ ኤስኤስዲአይ 700 ዶላር ከሆነ፣ ከሱ 20 ዶላር ይተዉልሻል፣ የቀረውን 680 ከ994 ይቀንሳሉ፣ 314 ዶላር ኤስኤስአይ ይጨመራል። የኔም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በነገራችን ላይ ኤስኤስአይ ያገኘሁት ዜግነት ስለያዝኩ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያላት ሴት ብዙውን ጊዜ 40 ሩብ ዓመት የሥራ ክሬዲት ትጠየቃለች።

«314 ዶላር ቢቀር ምን ይሆናል? ካሳው ይበልጣል» ትሉ ይሆናል። ጉዳዩ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እዚህ ሜሪላንድ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ለድሃ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከኤስኤስአይ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። ሜዲኬር የሚባለው ሌላው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ ኤስኤስዲአይ ከጀመረ ከ24 ወር በኋላ ነው። የኔ መድኃኒትና የሥነ ልቦና ሕክምና የሚከፈለው በሜዲኬይድ ነበር። ኤስኤስአይ 12 ወር በተከታታይ ከታገደ ደግሞ ፋይሉ ይዘጋል። ከዚያ እንደ አዲስ ማመልከት ነው፤ ያንን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል።

ካሳ ሲገባ እንዲህ ይሠራል። በገባበት ወር እንደ ገቢ ይቆጠራል። ለጠበቃ የተከፈለው ድርሻ ከዚያ ይቀነሳል። በሚቀጥለው ወር አንደኛ ቀን ላይ የቀረው ሁሉ ንብረት ይሆናል። ከ2,000 በላይ ከሆነ ኤስኤስአይ ይቆማል። የማውቃት አንዲት እናት ካሳዋን ባንክ አስገብታ «ለክፉ ቀን» ብላ አስቀመጠችው። ከወራት በኋላ ያለአግባብ የተከፈለሽን መልሺ የሚል ደብዳቤ መጣባት። ምንም አላጠፋችም። ቆጥባ ነው የተቀጣችው።

የእኔ ጠበቃ ጎበዝ ነው። የትንኮሳ ክስ ያውቃል። ስለ ኤስኤስአይ ስጠይቀው ግን «እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የሚያውቅ ፈልጊ» አለኝ፤ በቅንነቱ አከበርኩት። በነፃ የሕግ ድጋፍ በኩል የሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳይ የምትይዝ ሌላ ጠበቃ አገኘሁ። ከመፈረሜ በፊት ሁለቱ በስልክ ተነጋገሩ። ያ ስልክ ነው ያዳነኝ። ከተፈረመ በኋላ የወረቀቱን ቃል መቀየር እጅግ ከባድ ነው።

ለመስማማት በተቀመጥንበት ቀን የኩባንያው ጠበቃ የዲስኤቢሊቲ ማመልከቻዬን አወጣ። «እዚህ ላይ መሥራት አልችልም ብለሽ ፈርመሻል። እዚህ ደግሞ ፎቅ ቢቀየርልኝ እሠራ ነበር ትያለሽ። የቱ ነው እውነቱ?» አለ። ደሜ ፈላ። ውሸታም የተባልኩ መሰለኝ። ጠበቃዬ ግን መልሱን ይዞ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 በክሊቭላንድ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ወስኖበታል። ሶሻል ሴኩሪቲ «መሥራት ትችያለሽ ወይ» ሲል፣ አሠሪው ሁኔታ ቢያመቻችልሽ ትችይ እንደነበር አይመረምርም። የአካል ጉዳተኞች መብት ሕጉ ግን የሚጠይቀው በትክክል ያንን ነው። ስለዚህ ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ብቻ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ማስረዳት አለብሽ። እኔ ያስረዳሁት በጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ፎቅ ቀይሩልኝ ስል መሥራት እችል ነበር፤ እነሱ እምቢ ብለው ወራት ካለፉ በኋላ ነው የወደቅኩት። ሰውዬው ወረቀቱን መልሶ አስገባ።

የተስማማንበትን መጠን አልናገርም፤ እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። ሕጉ ራሱ ግን ጣሪያ እንዳለው እወቁ። በፌዴራሉ ሕግ ለሥነ ልቦና ጉዳትና ለቅጣት የሚከፈለው በድርጅቱ ስፋት ይወሰናል። ከ15 እስከ 100 ሠራተኛ ላለው 50,000 ዶላር፣ ከ500 በላይ ላለው 300,000። ያመለጠ ደመወዝ ከዚህ ውጪ ነው። የምስጢር አንቀጹ ላይ አንድ ነገር አስጨመርን። ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ለሜዲኬይድ፣ ለግብር ቢሮ፣ ለሐኪሜና ለጠበቃዬ መናገር እንደምችል ተጻፈ። ይህ ከሌለ አንዷ ሴት «ለማንም አትናገሪ ብለውኛል» ብላ ሪፖርት ሳታደርግ ልትቀር ትችላለች። የገቢ ለውጥ ደግሞ ወሩ ባለቀ በ10 ቀን ውስጥ ለሶሻል ሴኩሪቲ መነገር አለበት።

ቀጥሎ ገንዘቡ ምን ተብሎ እንደተከፈለ ነው። እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ አይገባም። የኛ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ያመለጠኝ ደመወዝ፣ ሌላው ለደረሰብኝ ጭንቀትና ውርደት።

ደመወዙ ልክ እንደ ደመወዝ ግብር ተቆርጦ በስሜ መጣ። አደጋው እዚህ ላይ ይህ ነው፦ ሶሻል ሴኩሪቲ ኮምፒውተሩ ላይ «ይቺ ሴት ዘንድሮ ደመወዝ አግኝታለች» ብሎ ያየዋል። ከዚያ ሥራ ጀምረሻል ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ኤስኤስዲአይ ካሳ አይነካውም ብያለሁ፤ ግን እንዲህ ባለ አለመግባባት ሊንገጫገጭ ይችላል። መፍትሔው ስምምነቱ ላይ ደመወዙ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ማስጻፍ ነው። በዚህ ዓይነት ሕግ የተከፈለ ያመለጠ ደመወዝ፣ አሠሪው በትክክል ካሳወቀ፣ መከፈል በነበረበት ዓመት ላይ ይመዘገባል። አልፎም የኤስኤስዲአይ ስሌቱን ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጥያቄው ሲመጣ የስምምነቱን ገጽ አያይዤ «ይህ በ2022 እና በ2023 ላመለጠኝ ነው፣ አሁን አልሠራም» ብዬ መለስኩ።

ከሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ የሚመጣ ካሳ ግን ሌላ ነው። በሱ በኩል ያመለከተች ሴት ትጠንቀቅ። የሱና የኤስኤስዲአይ ድምር ከመጎዳቷ በፊት ታገኝ ከነበረው አማካይ ገቢ 80 በመቶ ካለፈ፣ ትርፉ ከኤስኤስዲአይ ይቀነሳል። በአንድ ጊዜ ቢከፈልም ለወራት ከፋፍለው ያሰሉታል። ስለዚህ ሁለቱም ክስ አብሮ የሚዘጋ ከሆነ፣ የቱ ገንዘብ የየትኛው እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ለየብቻ ይቀመጥ። «ለሁሉም ይገባኛል ጥያቄ አንድ ላይ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለኩባንያው ይመቻል፣ ለእናንተ አይመችም።

ግብር ደግሞ አለ። አካላዊ ጉዳት ላስከተለ ነገር የተከፈለ ካሳ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ለስሜት ጉዳት ብቻ የተከፈለ ግን ግብር አለበት። ይህ አይዋጥልኝም። አእምሮዬ ከወገቤ ያነሰ ነው እንዴ? ግን ሕጉ እንዲህ ነው። የጠበቃው ድርሻም መጀመሪያ በእኔ ስም እንደ ገቢ ይታያል፤ ከ2004 ወዲህ ባለው ሕግ ግን በእንዲህ ያለ ክስ ተቀናሽ ነው። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ይህን ማወቁን ጠይቁ። ሌላም፦ የዚያ ዓመት ገቢ ከፍ ሲል፣ ነጠላ ሰው ከሆናችሁና ገቢያችሁ ከኤስኤስዲአዩ ግማሽ ጋር ተደምሮ 25,000 ዶላር ካለፈ፣ ኤስኤስዲአዩ ራሱ በከፊል ግብር ይጣልበታል። ቼኩ አልቀነሰም፤ ሚያዝያ ላይ ግብር ሲታሰብ ግን ይሰማል። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቡ።

ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ትልቁ ገንዘብ፣ በእኔ እጅ አላለፈም። ስምምነቱ ላይ በቀጥታ ለትረስት፣ ማለትም የአንድን ሰው ገንዘብ ሌላ አካል ለእሱ ጥቅም ይዞ ለሚያስተዳድርበት ሂሳብ፣ እንዲከፈል ተጻፈ። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሚያስተዳድረው የብዙ ሰው የጋራ ትረስት አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሂሳብ ይኖረዋል። በሕጉ መሠረት የተቋቋመ ከሆነ ኤስኤስአይ እንደ ንብረቴ አይቆጥረውም። ገንዘቡ እንደ ልብ አይወጣም። ጥሬ ገንዘብ ከሰጡኝ ገቢ ነው፣ ይቆረጥብኛል። እነሱ ግን ለጥርስ ሐኪም፣ ለስልክ፣ ለመነጽር፣ ለትምህርት በቀጥታ ይከፍሉልኛል። ከመስከረም 30፣ 2024 ጀምሮ ደግሞ ምግብ ቢገዙልኝ ኤስኤስአይ አይቀንስም፤ ከዚያ በፊት ይቀንስ ነበር። ኪራይ ከከፈሉልኝ ግን አሁንም ይቀንሳል። ስሞት የሚቀረው ገንዘብ በትረስቱ ይቀራል ወይም ለሜዲኬይድ ይመለሳል። ይህን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። ለአንዳንዶች ይህ አይዋጥላቸውም፤ እረዳቸዋለሁ።

ዕድሜዬ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ኤብል የሚባል የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሂሳብ አለ። በ2014 በወጣ ሕግ የተፈቀደ ነው። ቀድሞ ጉዳቱ ከ26 ዓመት በፊት ለጀመረው ብቻ ነበር። ከጥር 1፣ 2026 ጀምሮ ግን ከ46 ዓመት በፊት ለጀመረው ሁሉ ሆነ። እኔ በ41። ሂሳቡ ውስጥ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ኤስኤስአይ አይቆጥርም። በዓመት የሚገባው ወሰን አለው፤ በ2025 19,000 ዶላር ነበር። ካርድ ይሰጣል፣ ራሴ ነኝ የማዝበት። ትልቁ ጥቅሙ ኪራይ ነው፦ ከኤብል አውጥቼ በዚያው ወር ኪራይ ብከፍል ኤስኤስአይ አይቀነስም። ስለዚህ ትረስቱ ወደ ኤብል ይልካል፣ እኔ ከኤብል ለሩሜቴ የቤት ድርሻዬን እከፍላለሁ። ጠበቃዋ ይህን ስታስረዳኝ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለች ነበር፤ ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ክፍያው ከጥር በኋላ እንዲሆንም ያስደረገችው እሷ ናት።

በስሜ የመጣውን የደመወዝ ቼክ ግን መደበቅ የለም፣ አልደበቅኩም። የዚያን ወር ኤስኤስአይ አጣሁ። ወሩ ሳያልቅ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከፈልኩ፣ ያገለገለ ቶዮታ ገዛሁ። የምትጓጓዙበት አንድ መኪና ዋጋው ምንም ቢሆን አይቆጠርም። ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ፎልደር ይዤ ሄጄ አሳየሁ። ያስረከብኩት ወረቀት ላይ የተቀበሉበትን ማኅተም አስደረግሁ።

አሁን ለእኛ ሰው ብቻ የሚነገረውን ልናገር። ካሳ ሲገባ መጀመሪያ የሚታሰበን ቤተሰብ ነው። እናቴ ደሴ ናት፤ ጣሪያዋ ያፈስሳል። ገንዘቡ ሲመጣ ልኬላት ብገላገል ደስታዬ ነበር። ግን ኤስኤስአይ ላይ ያለ ሰው ያለ ተመጣጣኝ ዋጋ ገንዘብ ከሰጠ፣ ለእናቱም ቢሆን፣ እስከ 36 ወር ድረስ ክፍያው ሊታገድበት ይችላል። ትረስቱም ለእሷ አይከፍልም፤ ለእኔ ጥቅም ብቻ ነው የቆመው። በወንድሜ ስም ላስቀምጠው ማለትም ያው ማስተላለፍ ነው፤ የራስሽ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መደበቅ ነው። አዲስ አበባ በስማችሁ ያለ ኮንዶሚኒየምም ሊሸጥ የሚችል ከሆነ ንብረት ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለሆነ አይታይም ማለት አይደለም። የእናቴን ጣሪያ ወንድሜና እህቴ ከራሳቸው አዋጥተው አሠሩት። ነገሩን ሳስረዳቸው መጀመሪያ ተቀየሙኝ፣ በኋላ ገባቸው። ኤስኤስዲአይ ብቻ የምታገኝ ሴት ግን ይህ ሁሉ አይመለከታትም። ለእናቷ ትላክ፣ ቤትም ትሥራ።

ጸበል ለመሄድ የምታስቡም አላችሁ። እኔም ሄጄ ነበር። ኤስኤስአይ 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጭ ከሆናችሁ ይቆማል፤ ከተመለሳችሁም በኋላ እንደገና ለመጀመር 30 ቀን በተከታታይ እዚህ መቆየት አለባችሁ። ዜጋ ከሆናችሁ ኤስኤስዲአዩ እዚያም እያላችሁ ይከፈላል። እኔ የሄድኩት ለሦስት ሳምንት ነው። የአውሮፕላኑን ትኬትና ፓስፖርቴ ላይ የተመታውን ማኅተም ኮፒ አድርጌ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስገብቼዋለሁ።